መልስ፦ በአንዲት ጀልባ ምክንያት የሮኬት ማስወንጨፊያ ቆጠራ ለምን ይቆማል?

ወንድሜ፣ «ሱሉልታ ቁጭ ብለን በሌሊት የሮኬት ማስወንጨፍ ቀጥታ ስርጭት ስናይ ቆጠራው በአንዲት ጀልባ ቆመ፤ አልበዛም?» ላልከው፣ በፍጹም አልበዛም። ሮኬቱ ቢበላሽ ስብርባሪው የት የት ሊወድቅ እንደሚችል ቀድሞ ይሰላል። እዚያ ባሕር ላይ ሰው ካለ አይተኮስም፣ አለቀ።

እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 27 ቀን 2014 ቨርጂኒያ ውስጥ አንታሬስ የተባለው ሮኬት ልክ እንዲህ በጀልባ ምክንያት ለማግስቱ ተላለፈ። በማግስቱ ተነሣ። ከ15 ሰከንድ ገደማ በኋላ ሞተሩ ፈነዳ፤ ሮኬቱ ወደ ኋላ መውረድ ጀመረ። የደህንነት ኃላፊው ሮኬቱን ሆን ብሎ የማፈንዳቱን ትእዛዝ ላከ። ጭነቱ በሙሉ ወደመ፣ መሬቱም ተቃጠለ፤ ግን አንድም ሰው አልተጎዳም። እኔ ይህን ሰው የመጠበቅ ሥራ ከማስወንጨፉ እኩል ነው የማከብረው።

በሚቀጥለው ቆጠራው ሲቆም ስርጭቱን እንዳትዘጋው። ኔቱ ካስቸገረህ ጥራቱን ዝቅ አድርገህ ድምፁን ተከታተል፤ ለምን እንደቆመ ይናገራሉ።