ጎንደር ያሉት እናቶቻችን ጥሩ ሕክምና እያገኙ ነው?

እናቴ መድኃኒቷን የምትይዘው በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ነው። እኔ ገና እንግሊዝ ሳለሁ እግሯ ማበጥ ጀመረ። ጎረቤት «ኩላሊት ነው» አለ፤ የእህቴ ልጅም ፒያሳ አካባቢ ወዳለ ባለ ፎቅ ክሊኒክ ወሰዳት። በአንድ ጠዋት ሽንት፣ ደም፣ አልትራሳውንድ፣ የታይፎይድና የታይፈስ ምርመራ ተደረገላት። ያበጠውን እግር ግን በጣቱ ጫን አድርጎ ያየ ሰው አልነበረም። «ኩላሊቷ ደህና ነው፣ ታይፎይድ ግን ትንሽ አለ» ተብሎ የሰባት ቀን መርፌ ታዘዘላት። ብሩን የላክሁት እኔ ነኝ። የደረሰኙን ፎቶ በቴሌግራም ሳይ፣ ዝርዝሩ ረዘም ስላለ፣ «ጎሽ፣ በደንብ አይተዋታል» ብዬ ተኛሁ።

መርፌው አለቀ፣ እብጠቱ ባለበት ቀረ። ቆይታ ሰፈሯ ያለው ጤና ጣቢያ ሄደች። ያየቻት ወጣት ጤና መኮንን ነበረች። «እማማ፣ የሚወስዱትን ሁሉ ያሳዩኝ እስቲ» አለቻት። ቋጠሮው ሲፈታ ሁለት ዓይነት ኪኒን ወጣ። አንዱ እዚሁ የታዘዘላት አምሎዲፒን፣ ሌላው ታናሽ እህቴ ለጥምቀት ከአሜሪካ ስትመጣ የያዘችላት ኖርቫስክ። ስማቸው ይለያይ እንጂ ሁለቱም ያው አምሎዲፒን ናቸው። እናቴ የግፊቷን መድኃኒት እጥፍ ትውጥ ነበር፤ አምሎዲፒን ደግሞ ሲበዛ ቁርጭምጭሚት ያሳብጣል። አንዱ ኪኒን ቆመ፣ እግሯም ቀስ በቀስ ተመለሰ። ያን ቀን የከፈለችው የካርድ ብቻ ነው።

ይህን የምነግራችሁ ጠቅልዬ ከገባሁ ወዲህ «እገሌ ክሊኒክ ደህና ነው? እናቴን ልላካት?» የሚል ስልክ ውጭ ካላችሁት ስለሚበዛብኝ ነው። ጥያቄው ይገባኛል። እንግሊዝ ስኖር ኬር ኳሊቲ ኮሚሽን የሚባለው ተቆጣጣሪ ጂፒ የሚባሉትን የሰፈር ሐኪም ቤቶች እየፈተሸ ከአራት ደረጃዎች አንዱን ይሰጥ ነበር፤ ውጤቱንም ማንም ሰው ማየት ይችላል። እዚህ በር ላይ የተለጠፈ እንዲህ ያለ ደረጃ እኔ አላየሁም። ግድግዳው ላይ የሥራ ፈቃድ ይሰቀላል፤ መታደስ አለመታደሱን ማየት ጥሩ ነው፣ ግን ፈቃድ በሩ እንዲከፈት እንጂ እናታችሁ በደንብ እንድትታይ ዋስትና አይሆንም። ሕንፃውም፣ አዲሱ አልትራሳውንድም እንደዚያው። እኔ የምመዝነው በአንድ ነገር ነው፤ የላብራቶሪ ወረቀት ከመጻፉ በፊት ጠይቀዋታል ወይ? ዳስሰዋታል ወይ?

ስለዚህ ከሕክምና ስትመለስ ስትደውሉ «ምን አሏት?» ብቻ አትበሉ። ምን ጠየቋት? የቱ ጋ ነኳት? የምትወስደውን መድኃኒት አይተዋል? መቼ ተመለሺ ተባለች? ስኳር ካለባት ደግሞ አንድ ጥያቄ ጨምሩ፦ ጫማዋን አስወልቀው እግሯን አይተዋል? የስኳር ሕመምተኛ እግር ሳይሰማው ሊቆስል ስለሚችል ማየት የግድ ነው። ጫማ የማያስወልቅ የስኳር ክትትል ስሙ ክትትል አይደለም።

የግፊት አለካክም ብዙ ይናገራል። የከተማችንን ዳገት በእግሯ ወጥታ፣ ትንፋሿ ሳይመለስ፣ በሹራቧ ላይ ጠቅልለው የለኩትን ቁጥር አትመኑ። አምስት ደቂቃ አረፍ ማለት አለባት፤ ጀርባዋ ተደግፎ፣ ክንዷ ተራቁቶ በልቧ ትክክል ማረፍ አለበት። ቡና ከጠጣችም ቢያንስ ግማሽ ሰዓት መቆየት ይገባል። (እናቴ ሦስተኛውን ሳትጠጣ ከቤት አትወጣም፤ ይሄ ሌላ ጦርነት ነው።)

አሁን ወደ ታይፎይዱ። «ታይፎይድና ታይፈስ አለብህ» ያልተባለ የጎንደር ሰው ካለ ልየው። ብዙ ክሊኒክ የሚሠራው ዊዳል የሚባለው ምርመራ ባክቴሪያውን ራሱን አያይም፤ ሰውነት የሠራውን መከላከያ ነው የሚያየው። ያ መከላከያ ደግሞ ካለፈ ዓመት ሕመምም፣ ከሌላ ኢንፌክሽንም ሊመጣ ይችላል። ለታይፈስ የሚሠራው ዌል ፌሊክስም ከዚህ አይሻልም። ከደሙ ባክቴሪያውን ራሱን አሳድጎ የሚያየው የደም ካልቸር የተሻለ ማስረጃ ነው፤ ጊዜ ይወስዳል እንጂ። ትኩሳት ለሌላት እናት «ታይፎይድ ትንሽ አለ» ከተባለ፣ ተከትሎ የሚመጣውን መርፌ ከመክፈላችሁ በፊት ሌላ ባለሙያ ጠይቁ።

ትኩሳት ሲኖር ደግሞ ጥሩ ባለሙያ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ቆላ ወርደህ ነበር?» ብሎ ነው። መተማና ሁመራ ለሰሊጥ ሥራ ወርዶ የተመለሰ፣ ወይም ደምቢያ ዘመድ ጠይቆ የመጣ ሰው ወባ ሊኖርበት ይችላል። ከመተማና ከሁመራ ተመልሶ ትኩሳቱ ሳምንታት የቆየበት፣ የከሳ፣ ጣፊያው ያበጠ ሰው ከሆነ ካላዛር (በአሸዋ ዝንብ ንክሻ የሚተላለፍ በሽታ) መታሰብ አለበት፤ ለዚህ ደግሞ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የቆየ ልምድ አለው። ይህን አንድ ጥያቄ ሳይጠይቅ ደም የሚቀዳ ክሊኒክ አገሩን አያውቅም ማለት ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ልብ በሉ። ነጭ ጋውን የለበሰ ሁሉ እኛ ዘንድ «ዶክተር» ነው። ነርስ፣ ጤና መኮንን፣ ጠቅላላ ሐኪም፣ ስፔሻሊስት፤ ማን እንዳያት ሙያውን ጠይቁ፣ ነውር የለውም። ግን ጤና መኮንን ነው ተብላችሁ አትናቁ። እ.ኤ.አ. በ1954 ጎንደር ላይ የተከፈተው የጤና ኮሌጅ ገና ከጅምሩ ያሠለጥን የነበረው ጤና መኮንኖችን፣ የኅብረተሰብ ነርሶችንና የሳኒቴሽን ባለሙያዎችን ነው። ሙያው እዚሁ የበቀለ ነው፤ የእናቴን ቋጠሮ ያስፈታችውም ከእነሱ አንዷ ናት። ለግፊትና ለስኳር ክትትል በየወሩ ካርዷን አውጥቶ ያለፈውን የሚያነብ ጤና ጣቢያ፣ በየጊዜው አዲስ ሰው ከሚያያት ትልቅ ቤት ይሻለኛል። አፏ የተጣመመ፣ አንድ ጎኗ የዛለ ወይም ደረቷን ጨምድዶ የያዛት ጊዜ ግን ጤና ጣቢያም ክሊኒክም አትዙሩ፤ በቀጥታ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል።

ጥፋቱን ሁሉ በክሊኒኮች ላይ አልጥልም። «ያለውን ምርመራ ሁሉ አድርጉላት፣ ገንዘብ ችግር የለም» የምንለው እኛ ነን። ያ ቃል የተነገረበት ክፍል ውስጥ ሐኪሙ ጠይቆ፣ ዳስሶ፣ «ምንም አያስፈልጋትም» ብሎ ቢሸኛት እኛው «ምን ዓይነት ሐኪም ነው!» እንላለን። ይዟት የሚሄደውን ሰው «ልጆቿ ውጭ ናቸው» እንዳይል ንገሩት። የሚሄደውም በየጊዜው አንድ ሰው ይሁን፤ ዛሬ የእህት ልጅ፣ ነገ የጎረቤት ልጅ ከሆነ ያለፈውን የሚያስታውስ የለም።

መድኃኒት ከውጭ ስትልኩ ከንግድ ስሙ ይልቅ ዋናውን ስም እዩ፤ በትንሹ ከሥር የተጻፈው ነው። የአገልግሎት ማብቂያውንም በአማርኛ ጽፋችሁ ለጥፉበት። ዕቃው ላይ ያለው የፈረንጅ ዓመት ነው። የእህቴ ልጅ አንድ ብልቃጥ ላይ 2024 የሚል አይቶ «ገና ሰባት ዓመት አለው» ብሎ አስቀምጦት ነበር፤ እኛ 2017 ላይ ነበርን፣ መድኃኒቱ ግን ጊዜው አልፏል።

ዘንድሮ እህቴ ለጥምቀት ከመምጣቷ በፊት «ምን መድኃኒት ላምጣላት?» ብላ ደወለች። የእናቴን ካርድ ፎቶ አንስቼ ላክሁላት። ይዛ የመጣችው የግፊት መለኪያ ነው፤ መጠቅለያውን በእናቴ ቀጭን ክንድ ልክ መርጣ። እናቴ ዕቃውን አገላብጣ አየችና ጠዋት ከቡና በፊት ነው ከቡና በኋላ ብላ ጠየቀች። «በፊት» አልናት። ቋጠሮዋ ውስጥ አሁን አንድ ዓይነት የግፊት ኪኒን ብቻ አለ።