አቤቱታ ወር አለው

ለደሴ፣ ለኮምቦልቻ፣ ለወልድያና ለሌሎቹም የወሎ ከተሞች ወጣቶች፣

እንደምን ሰነበታችሁ? ዕድሜዬን የገፋሁት በማዘጋጃ ቤት ሒሳብ ክፍል ነው። አሁን ጡረታ ላይ ነኝ። ሻይ ቤት ስቀመጥ ስለ መንገድ፣ ስለ ቦይ፣ ስለ ቆሻሻ ስታማርሩ እሰማለሁ። እውነታችሁን ነው። ግን አብዛኛውን ጊዜ የምትጮኹት ያለ ወሩ ነው።

የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምርና ሰኔ 30 ያልቃል። ክረምቱም የሚገባው በዚያው ሰሞን ነው። ደሴን እንውሰድ፤ ጦሳ ሥር የተቀመጠች ከተማ ናት። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ጎርፉ ከተራራው ሲወርድ ቦዩ ይሞላል፣ ውሃው ቤት ይገባል፣ ሰውም ማዘጋጃ ቤት ይሰለፋል። የአዲሱ ዓመት በጀት ግን ያኔ ወይ ጸድቋል ወይ ሊጸድቅ ጫፍ ደርሷል። እያንዳንዱ ብር ቦታ ይዟል። “እናያለን” ትባላላችሁ። መስከረም ሲጠባ ጭቃው ይደርቃል፣ ነገሩም ይረሳል። የሚቀጥለው ዓመት ዕቅድ የሚረቀቀው ደግሞ በጋ ላይ ነው። በዚያ ጊዜ ስለ ቦይ ብሎ ቢሮ የሚመጣ ሰው የለም፤ ያረቢ፣ አንድም ሰው!

ስለዚህ ፎቶውን ነሐሴ ላይ አንሱ፣ ደብዳቤውን ጥር ላይ አስገቡ።

አንዲት እናት ትዝ ይሉኛል። የከተማውን ስም ልተወው። በሕዝብ ውይይት ላይ ሰው ሁሉ ስለ “መልካም አስተዳደር ችግር” ሲያወራ እሳቸው ከነጠላቸው ጫፍ የተጣጠፈ የደብተር ወረቀት ፈትተው አወጡ። ጎርፍ ቤታቸው የገባበትን ቀን በልጃቸው አንድ በአንድ አስጽፈውበታል። ከዚያ ወደ መሐንዲሱ ዞር ብለው፣ “ልጄ፣ የቦዩን አፍ ከመንገዱ ከፍ አድርጋችሁ ነው የሠራችሁት፤ ውሃ ሽቅብ ይወጣል እንዴ?” አሉት። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። መሐንዲሱ ግን አልሳቀም፤ ቀኖቹን ከወረቀቱ መገልበጥ ጀመረ። በሚቀጥለው ዕቅድ ያ ቦይ ገባ። የዚያን ቀን ከተደረገው ንግግር ሌላ የማስታውሰው የለም።

ሌላው ነገር፣ ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣ እወቁ። ትምህርት ቤቱና ጤና ጣቢያው በአብዛኛው የሚተዳደሩት ከክልሉ በሚመጣ ድጎማና በመደበኛው ግብር ነው። የውስጥ ለውስጥ መንገድ፣ ቦይ፣ ጽዳት፣ ቄራ ግን የማዘጋጃ ቤቱ ሥራ ናቸው። የሚሠሩትም በዋናነት ከተማው ራሱ ከሚሰበስበው ነው፦ ከሊዝ፣ ከቦታ ኪራይና ከቤት ግብር፣ ከአገልግሎት ክፍያ። “ለትምህርት ቤት ያን ያህል መድበው ለኛ ቦይ እንዴት አጡ?” የምትሉት ለዚህ ነው መልስ የሚያጣው።

የሊዝ ገንዘብ ያጓጓል፤ ባንዴ ብዙ ይገባል። ግን መሬት ያልቃል። በሊዝ ብቻ የሚኖር ከተማ ጥሪቱን እየበላ ነው። በየዓመቱ የሚመጣው የቦታና የቤት ግብር ደግሞ መሠረቱ ለረጅም ጊዜ አዋጅ ቁጥር 80/1968 ነበር፤ ተመኑ በብዙ ቦታ አርጅቶ ነበር። በ2017 ዓ.ም. አዲስ የንብረት ታክስ አዋጅ ጸድቋል። ብዙ ሰው እንደሚከፋው አውቃለሁ፤ በተለይ ከ2014ቱ ጦርነት በኋላ ሱቁን ከዜሮ የጀመረ ነጋዴ። እኔ ግን ሐሳቡን እደግፋለሁ። የተሰበሰበው ብር ምን ላይ እንደዋለ በየቀበሌው በር ይለጠፍ እንጂ! ቅሬ (እድር) ላይ እንዴት እንደሆንን አስቡት። ገንዘብ ያዡ አንዲት ድስት ብትጎድልበት መግቢያ መውጫ እናሳጣዋለን። ከዚያች ድስት ስንት እጥፍ የሚበልጠው የከተማው ሒሳብ ሲቀርብ ግን የሚጠይቅ የለም።

በነገራችን ላይ ሰኔ ላይ በጥድፊያ የሚገዛ ወንበር ስታዩ ጠርጥሩ። በጀት እንዳይመለስ ተብሎ ስንት ነገር ሲገዛ አይቻለሁ።

የምክር ቤት አባላቱን አትፍሯቸው፤ የሰፈራችሁ ሰዎች ናቸው። አብዛኞቹ መደበኛ ሥራቸው ሌላ ነው። የበጀቱ ጥራዝ እጃቸው የሚገባው ጉባኤው ሲቃረብ ስለሆነ አገላብጠው ለመጨረስ እንኳ ጊዜ አይበቃቸውም። ቀድማችሁ ቤታቸው ድረስ ሂዱና ጉዳዩን በአንድ ገጽ ስጧቸው። የቦታው ስም፣ ፎቶው፣ የተጎዳው ቤት ብዛት ይበቃል። ዘለፋ አትጨምሩበት፤ ዘለፋ ያለበት ወረቀት ወደ ሌላ ጠረጴዛ ይመራል።

ዋናውን ለከንቲባው ጽፋችሁ ለምክር ቤቱ የበጀትና ፋይናንስ ቋሚ ኮሚቴ ግልባጭ አድርጉ። የሒሳብ መረጃ ጠይቃችሁ ከተከለከላችሁ መረጃ የማግኘት መብትን የሚደነግገውን አዋጅ ቁጥር 590/2000ን ጥቀሱ፤ በ30 ቀን ውስጥ መልስ ሊሰጧችሁ ይገባል። ካልሆነ አቤት የሚባልበት የእንባ ጠባቂ ተቋም አለ። ብቻ ደብዳቤውን ለምታውቁት ሰው በእጅ ሰጥታችሁ እንዳትመለሱ። መዝገብ ቤት አስገቡና በቅጂያችሁ ላይ ቁጥርና ቀን አስጽፉ። ቁጥር የሌለውን ደብዳቤ “አልደረሰንም” ማለት ቀላል ነው፤ ከመስኮቱ ወዲያ ተቀምጬ ስንቴ ሲባል ሰምቻለሁ።