ሞሽን ዲዛይን ከተለያየ የትምህርት ክፍል ለመጡ ተማሪዎች ማስተማር፦ ጥያቄና መልስ

መምህሩ፦ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሞሽን ዲዛይን (ሥዕልና ጽሑፍን ማንቀሳቀስ) ለምታስተምሩ ሁሉ፣ ጠይቁ። ኪፍሬም እንቅስቃሴ የሚመዘገብበት ነጥብ መሆኑን ታውቃላችሁና አላስረዳም። «የትኛው ሶፍትዌር ይሻላል» የሚለውን ደግሞ እባካችሁ ተዉት።

ረዳት ሌክቸረር፦ ጤና ይስጥልኝ መምህር። አንድ ክፍል ውስጥ የግራፊክስ፣ የአርክቴክቸር፣ የኮምፒውተር ሳይንስና የቲያትር ተማሪዎች አሉኝ። የመጀመሪያውን ሳምንት በምን ልጀምር?

መምህሩ፦ ኮምፒውተር አታስከፍት። ወረቀት፣ እስክሪብቶ፣ ሳንቲምና ስልክ ይበቃል። 25 እኩል ክፍል ያለው ቁም መስመር ያስምሩ። ሳንቲሙን ከላይ ጫፍ አስቀምጠው ፎቶ ያንሱ፤ ከዚያ 1ኛው፣ 4ኛው፣ 9ኛው፣ 16ኛውና 25ኛው ምልክት ላይ እያሳረፉ ያንሱ። ከአንዱ ቦታ ወደ ቀጣዩ 2 ፍሬም (የቪዲዮ ነጠላ ምስል) ይስጡት። በሰከንድ 25 ፍሬም ከሆነ ውድቀቱ 10 ፍሬም ወይም 0.4 ሰከንድ ይፈጃል። በዚህ ጊዜ እውነተኛ ዕቃ 78 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስለሚወርድ ከጠረጴዛ የወደቀ ይመስላል። ሌላ ደግሞ በየ5 ምልክቱ እኩል አራርቀው ያንሱና ጎን ለጎን ያጫውቱ። የኮምፒውተሩ ልጅ 1፣ 3፣ 5፣ 7፣ 9 የሚለውን ጭማሪ ሲያይ ፊዚክሱ ትዝ ይለዋል፤ የግራፊክሱ ልጅ ክብደቱ ይታየዋል። እዚህ ላይ ማንም ከማንም አይበልጥም።

ቀጥሎ ነጠራ። ከፍታው በየነጠራው በግማሽ ሲቀንስ ጊዜው በግማሽ አይቀንስም፦ 10 ፍሬም ወርዶ፣ 7 ወጥቶ 7 ይወርዳል፣ ከዚያ 5 ወጥቶ 5። ይህን ወረቀት ላይ ያልጨረሰ ሶፍትዌር አይክፈት።

አዲስ አስተማሪ፦ አፍተር ኢፌክትስ (የሞሽን ሶፍትዌር) ላይ ሲሠሩት ግን ኳሳቸው ፊኛ ይመስላል።

መምህሩ፦ ሁሉም ኪፍሬም ላይ ኢዚ ኢዝ (አጀማመርና አቋቋምን የሚያለሰልስ ትእዛዝ) ስለሚጭኑ ነው። ወለል ሲነካ በጣም መፍጠን ሲገባው ይቆማል። የላይኛው ጫፍ ብቻ ይለስልስ፤ የወለሉ ኪፍሬም የእንቅስቃሴው ግራፍ ላይ ሹል ሆኖ ይቅር። ከዚያ በፊት ፖዚሽኑን በሴፓሬት ዳይሜንሽንስ ይነጥሉት፣ አለዚያ አግድሙና ቁሙ በአንድ ኩርባ ይታሰራሉ። መጨፍለቁ ወለል ላይ 1 ፍሬም ይበቃዋል፤ ቁመት 80፣ ስፋት 125 በመቶ። ቁመቱን ብቻ ከቀነሱ ኳሱ የተነፈሰ ይመስላል። አንከር ፖይንቱ (መጠን ሲቀየር ከቦታው የማይነቃነቀው ነጥብ) ወደ ግርጌው ካልወረደ ደግሞ ሲጨፈለቅ ከወለሉ ይነሳል።

ኮድ ወዳጅ፦ ይሄ ሁሉ በኤክስፕሬሽን (እንቅስቃሴ በሚያዝ ኮድ) ጥቂት መስመር አይደል? በእጅ ምን አስለፋ?

የአርክቴክቸሩ፦ እስቲ በጥቂት መስመር ኳሱን የደከመው አስመስለው።

ኮድ ወዳጅ፦ ቁጥሩን እቀይራለኋ!

የአርክቴክቸሩ፦ የትኛውን? ወደ ስንት?

ኮድ ወዳጅ፦ እናንተ ደግሞ ሬንደር ማሳመር እንጂ መች እንቅስቃሴ ታውቃላችሁ።

መምህሩ፦ ይብቃችሁ። እኔ ክፍል ዊግል (በዘፈቀደ የሚያንቀጠቅጠው ኤክስፕሬሽን) እስከ 6ኛው ሳምንት ክልክል ነው። የተንቀጠቀጠ ሁሉ ነፍስ የለውም።

ቪዲዮ ኤዲተር፦ ለምን 25? ስልኩ 30 ነው የሚቀርጸው።

መምህሩ፦ የእኛ ኤሌክትሪክ 50 ኸርዝ ነው፤ በ30 ሲቀርጹ የክፍሉ መብራት ሊርገበገብ ይችላል። 25 ፍሬም፣ ሻተር (ካሜራው ለእያንዳንዱ ምስል ብርሃን የሚያስገባበት ጊዜ) 1/50 ሰከንድ። እያዩ የሚሠሩበት ቀረጻና ፕሮጀክቱ አንድ ቁጥር ካልሆኑ የቆጠሩት ፍሬም ሁሉ ይዛባል። የቲያትሩን ልጅ እስክስታ አስመቱትና ቅረጹት፤ ትከሻው ስንት ፍሬም ቀድሞ አንገቱ እንደሚከተል ተማሪዎቹ ይቁጠሩ። ኦቨርላፕን (የአካል ክፍሎች ተከታትለው መንቀሳቀሳቸውን) በዚህ ካልገባቸው በምንም አይገባቸውም።

እንግዳ፦ ሞሽን ዲዛይን በደንብ ለማስተማር ምን ይመክራሉ?

መምህሩ፦ ምኑን? ጥያቄህን አጥብበህ ተመለስ።

የላብ ተቆጣጣሪ፦ ማሽኖቻችን 8 ጂቢ ራም ናቸው።

መምህሩ፦ ፕሪቪው በሩብ ሬዞሉሽን፣ ሥራው ከ10 ሰከንድ አይለፍ፣ አውቶሴቭ በየ5 ደቂቃ።

የታይፖግራፊ አስተማሪ፦ የአማርኛ ጽሑፍ ማንቀሳቀስ ላይስ?

መምህሩ፦ ይህን ስትጠይቂ ደስ አለኝ። ፊደሎቻችን እንደ ዓረብኛ አይያያዙም፤ ስለዚህ ፊደል በፊደል ማስገባት ያለ ችግር ይሠራል። ችግሩ ማስኩ (የሚታየውን ክፍል የሚወስነው ቅርጽ) ላይ ነው። ተማሪው ማስኩን በ«ሀ» ልክ ይሠራና «ቸ» አናቱ፣ «ቷ» እግሩ ይቆረጣል። «ቸኗቷ» ብለው ጽፈው ይለኩ፤ ትርጉም የለውም ግን ያገለግላል። ካፒታል ፊደል ስለሌለን ርዕሱን በመጠንና በውፍረት ይለዩት፤ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ የተባለው ፎንት ከቀጭን እስከ ደማቅ ውፍረት አለው። ቀጭኑ በዝግታ ሲንቀሳቀስ ጠርዙ ይብረከረካል፤ ወፈር ያድርጉት። ጽሑፉ ሁለት ጊዜ ድምፅ አውጥተው እስኪያነቡት ስክሪን ላይ ይቆይ። ከድሮ የዩኒኮድ ያልሆነ ፎንት ገልብጠው ሲለጥፉ የተመሰቃቀለ ምልክት ቢወጣ ሶፍትዌሩን አይውቀሱ፣ እንደገና ይተይቡት።

አዲስ አስተማሪ፦ ማርክ እንዴት ልስጥ? የግራፊክሶቹ ሥራ ሁልጊዜ ያምራል።

መምህሩ፦ ለሁሉም አንድ ግራጫ ክብና አንድ መስመር ስጣቸው። ቀለም የለ፣ ፎንት የለ። ጊዜና ርቀቱን ብቻ ታርማለህ። ማማሩ በመጨረሻው ፕሮጀክት ይምጣ፤ ያኔ ከየትምህርት ክፍሉ አንድ አንድ ልጅ እያደረግህ ቡድን መድብ። ግራፉን ግን የግራፊክሱ ልጅ ይያዝ፣ ዲዛይኑን የኮምፒውተሩ። የለመደውን ይዞ እንዲሸሽ አትፍቀድለት።

እንግዳ፦ እሺ አጥብቤያለሁ። ከአፍተር ኢፌክትስና ከብሌንደር የቱ ይሻላል?

መምህሩ፦ የመጀመሪያውን መልእክቴን አንብብ።

ረዳት ሌክቸረር፦ አንድ የመጨረሻ፦ ከኢለስትሬተር (የሥዕል ሶፍትዌር) ያስገቡት ሥዕል ተነጣጥሎ አይንቀሳቀስም፣ ቀለሙም ይለወጣል።

መምህሩ፦ ሰነዱ ለኅትመት ተብሎ በሲኤምዋይኬ (የኅትመት ቀለም) ተከፍቶ ይሆናል፤ አርጂቢ (የስክሪን ቀለም) ያድርጉት። ሥዕሉን ደግሞ ሪሊዝ ቱ ሌየርስ ብለው የተፈጠሩትን ሌየሮች (ንብርብሮች) ወደ ላይ ያውጧቸው፤ ንዑስ ሌየር ሆነው ከቀሩ አሁንም አይነጠሉም። ሲያስገቡም ፉቴጅ ሳይሆን ኮምፖዚሽን ብለው ይምረጡ።