ለሎጎ ቀለበት የቤቭል ፊልተር አትጠቀሚ

እህቴ፣ ለቡና መሸጫሽ ሎጎ ብረት የሚመስል፣ ጠርዙ ቤቭል (ተዳፋት ሆኖ ከፍ ያለ የሚመስል ጠርዝ) ያለው ቀለበት ኢንክስኬፕ በሚባለው የሥዕል ፕሮግራም እንደሠራሽና ስክሪን ላይ ያማረው ባነር ላይ እንደተበላሸ ጽፈሻል። ይሄ ነገር እኛንም አቃጥሎናል፤ ዘርዘር አድርጌ ልመልስልሽ።

1. ፊልተር (ፕሮግራሙ ሥዕል ላይ የሚጭነው ዝግጁ ማስዋቢያ) ውስጥ ያለውን ቤቭል ተዪው። ሥዕልሽ ቬክተር፣ ማለትም ሲለጠጥ የማይበላሽ የመስመር ሥዕል ቢሆንም ፊልተሩ ፒዲኤፍ ላይ ወደ ፒክስል፣ ወደ ትንንሽ የቀለም ነጥቦች ይቀየራል። 1000 ፒክስል ስፋት ያለው ምስል ሁለት ሜትር ባነር ላይ ሲለጠጥ በአንድ ኢንች 13 ፒክስል እንኳን አይደርስም።

ወንድሜ እዚህ ጅማ፣ አጂፕ አካባቢ የተቆላ ቡና መሸጫ ሲከፍት ሎጎውን ለአንድ ህትመት ቤት ሰጠ። ዲዛይነሩ ፊልተር ጭኖበት ገላገለው። ባነሩ ሲመጣ የቀለበቱ ጠርዝ የመጋዝ ጥርስ መስሏል። አስተካክሉልን ስንል «ችግሩ የፋይላችሁ ነው» አሉን። ፋይሉን የሠሩት ራሳቸው! ዋናውን ፋይል ስጡን ስንል ደግሞ ሌላ ብር ጠየቁ። ቀብዱም ቀልጦ ቀረ። አሁንም ሳስበው ደሜ ይፈላል። ስለዚህ ለሰው የምታሠሪ ከሆነ ቀብድ ሳትከፍዪ ኤስቪጂ ፋይሉን (ዋናውን የቬክተር ፋይል) እንደሚሰጡሽ ተስማሚ። በቃል ሳይሆን ደረሰኙ ላይ ይጻፍ።

2. ቀለበቱን ከክቦች ቆርጠሽ ሥሪው። እኔ ከዚያ በኋላ ቁጭ ብዬ የሠራሁት እንደዚህ ነው። መሃላቸው አንድ የሆኑ አራት ክቦች ያስፈልጉሻል። አንዱን ሣዪ፣ በኮንትሮልና ዲ አባዢው፣ ከዚያ ኮንትሮልና ሺፍት ይዘሽ ማዕዘኑን ስትጎትቺ መሃሉን ሳይለቅ ያንሳል። ከእነሱ ሦስት ቀለበት ይወጣል፦ ቀጭን የውጭ ጠርዝ፣ ሰፊ መሃል፣ ቀጭን የውስጥ ጠርዝ። የሚቆርጠው ፓዝ ሜኑ ውስጥ ያለው ዲፈረንስ ነው። ትንሹ ክብ ከላይ መሆን አለበት፤ ከታች ከሆነ ሁሉም ይጠፋብሻል። ቆራጩ ክብም ከቆረጠ በኋላ ስለማይኖር ሁለቱን መካከለኛ ክቦች አስቀድመሽ አባዣቸው።

አሁን ዋናው ነገር፣ ብርሃኑ። ለውጭው ጠርዝ ከላይ ግራ ነጣ ብሎ ወደ ታች ቀኝ የሚጨልም ቀጥታ ግራዲየንት (ቀስ እያለ የሚለወጥ ቀለም) ስጪው። ለውስጡ ጠርዝ ያንኑ ገልብጪው፤ የውስጡ ቁልቁለት ፊቱን ያዞረው ወደ ተቃራኒው ነውና። መሃሉን አንድ ወጥ ቀለም ቀቢው። የውስጡ ግራዲየንት ሲገለበጥ ያ ጠፍጣፋ ነገር ብድግ ይላል፤ እኔ ያን ጊዜ ወንድሜን ጠርቼ አሳየሁት። በቀለበቱ ዙሪያ የሚዞር ግራዲየንት አትፈልጊ፤ መደበኛው ኤስቪጂ የሚያውቀው ቀጥታውንና ከመሃል የሚሰፋውን ነው።

በቀለበቶቹ መጋጠሚያ ላይ ፀጉር የምታክል ነጭ መስመር ከታየችሽ አትደንግጪ። ሙሉውን ስፋት የያዘ አንድ ቀለበት መሃከለኛ ቀለም ቀብተሽ ከሁሉም ሥር አስገቢ፤ ትጠፋለች።

የወንድሜ ቀለበት ዛሬ ከከረጢቱ ስቲከር እስከ በሩ ባነር ያው አንድ ፋይል ነው፤ ጠርዙም ጥርት ያለ ነው። ፈረንጅ አራዳ ያለ አንድ ባለሱቅ እንኳ ማን እንደሠራው ጠይቋል።

ለማኅተምና ለስቲከር መቁረጫ ማሽን ግን ግራዲየንት አይሆንም። አንድ ቀለም ብቻ ያለው ቅጂ ለይተሽ አስቀምጪላቸው። ስትጨርሺ ምስሉን እዚሁ ለጥፊው፣ አብረን እናየዋለን።