ከካምፓስ ውጭ እየኖሩ ያለ መኪና 6 ኪሎ፣ 5 ኪሎ፣ 4 ኪሎ መመላለስ፦ ጥያቄና መልስ

ሰላም ለሁላችሁ! ዶርም ያልደረሳችሁ ወይ ከቤተሰብ ጋር እየኖራችሁ የምትማሩ ልጆች ስለ ትራንስፖርት በየቀኑ እየጠየቃችሁኝ ስለሆነ የሰሞኑን ጥያቄዎች ሰብስቤ አንድ ላይ ልመልስ ብዬ ነው። እኔ ዲግሪዬንም ማስተርሴንም የተማርኩት ከቤት እየተመላለስኩ ነው፣ መጀመሪያ ከአያት ሰፈር በኋላ ደግሞ ከፈረንሳይ ሰፈር። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ካምፓሶች የተበታተኑ ስለሆኑ ስትጠይቁኝ የትኛው ካምፓስ እንደሆናችሁ አብራችሁ ንገሩኝ፣ ለ6 ኪሎ የሚሆነው መንገድ ለጥቁር አንበሳ ወይ ለኮሜርስ አይሆንም።

ጥያቄ፦ ጀሞ 2 ነው የምኖረው፣ 5 ኪሎ ኢንጂነሪንግ አንደኛ ዓመት ነኝ። 2 ሰዓት ክላስ ካለኝ ጠዋት ስንት ሰዓት ልውጣ?

መልስ፦ 12 ሰዓት ላይ ሰልፉ ውስጥ ሁኚ እህቴ። ያለጊዜዬ ቀሰቀሰኝ ትይ ይሆናል ግን የጀሞ ሰልፍ ከ12 ተኩል በኋላ ሌላ ሰልፍ ነው የሚሆነው፣ ሰራተኛውም ተማሪውም አንድ ላይ ይወጣል፣ የወጣው ታክሲ ደግሞ መካኒሳና ሳር ቤት ላይ ተዘግቶበት ቶሎ አይመለስም፣ ስለዚህ ግማሽ ሰዓት ዘግይተሽ ብትወጪ የምትደርሺው ከአንድ ሰዓት በላይ ዘግይተሽ ነው። ጀሞ ሜክሲኮ፣ ከዛ ሜክሲኮ 4 ኪሎ፣ ከ4 ኪሎ 5 ኪሎ ግን ሌላ ታክሲ እንዳትጠብቂ፣ አስር ደቂቃ ምናምን ነው በእግር። ሃይገር ወይ የከተማ አውቶቡስ መጀመሪያ ከመጣልሽ ግቢ፣ ቆመሽም ቢሆን። ዋጋውም ይቀንስልሻል፣ ብዙ ሰው ስለሚጭን ሰልፉም ባንዴ ነው የሚያልቀው።

ጥያቄ፦ ከአያት ባቡር ይሻላል ወይስ ታክሲ?

መልስ፦ የት ነው የምትማረው? ባቡሩ 2008 መስከረም ላይ ስራ ሲጀምር እኔም በጣም ደስ ብሎኝ ነበር ግን መስመሩ ኪሎዎቹን አይነካም። አንደኛው ከአያት በመገናኛ፣ በስታዲየምና በሜክሲኮ አድርጎ ጦር ሃይሎች ይሄዳል፣ ሌላው ከቃሊቲ ወደ ምኒልክ አደባባይ ነው። ስለዚህ ጥቁር አንበሳ ከሆንክ ለገሃር ወይ ሜክሲኮ ወርደህ በእግርህ ትገባለህ፣ ኮሜርስም እንደዛው፣ ህንፃ ኮሌጅ ከሆንክ ልደታ ነው የምትወርደው። ለነዚህ ሶስቱ ባቡር ላይ ክርክር የለም፣ ያዘው።

6 ኪሎ ከሆንክ ግን እስከ መገናኛ ብቻ ነው የሚጠቅምህ፣ ከዛ የ4 ኪሎ ታክሲ መያዝ አለብህ። ከአያት መነሻው ላይ ስለምትሳፈር ጠዋት ብዙ ጊዜ ቦታ ታገኛለህ፣ ከሲኤምሲ ወይ ከጉርድ ሾላ የሚሳፈረው ሰው ነው የሚቸገረው። ችግሩ ባቡሩን መጠበቁ ነው። ሲጀመር 41 ባቡር ነበረው፣ መለዋወጫ እየጠፋ ብዙዎቹ ቆሙ፣ በዛ የተነሳ አንዱ ካመለጠህ ቀጣዩ መቼ እንደሚመጣ ማወቅ ይከብዳል። እኔ የማደርገው እንደዚህ ነበር፣ ጣቢያው ላይ ሆኜ የሰዉን ብዛት አያለሁ፣ ሰው ከተጠራቀመ ባቡር ከመጣ ቆይቷል ማለት ነው ስለዚህ ሊደርስ ነው ብዬ እጠብቃለሁ፣ ጣቢያው ባዶ ከሆነ ግን አሁን አምልጦኛል ማለት ስለሆነ ቀጥታ ወደ ታክሲ።

ጥያቄ፦ መገናኛ ላይ ማታ ማታ ወያላዎቹ እያቆራረጡ ነው የሚጭኑት፣ ሁለት ጊዜ እየከፈልኩ ነው፣ ምን ማድረግ ይቻላል?

መልስ፦ ይሄ ነገር በጣም ነው የሚያናድደኝ፣ ምክንያቱም የሚጎዳው የተቆጠረ ብር ይዞ የወጣ ተማሪ ነው። አሰራሩን ለማያውቁት ላስረዳ። ታፔላው ላይ 4 ኪሎ ይላል፣ ወያላው ግን "ሾላ ሾላ!" እያለ ይጠራል፣ ሰዉ ሌላ አማራጭ ሲያጣ ይገባል፣ ሾላ ላይ "መጨረሻ ነው" ይልና ሁሉንም ያወርዳል፣ ከዛ እዛው ቆሞ ያንኑ መኪና "4 ኪሎ በእንግሊዝ ኤምባሲ!" ብሎ ድጋሚ ይጠራል። አንድ መንገድ ሁለት ሂሳብ!

ብቻህን ብትከራከር አትችልም፣ ሰልፉ ላይ ያሉት አብረው ሲናገሩ ግን ይሰራል። ከመግባታችሁ በፊት ተራ አስከባሪው ባለበት "ታፔላው 4 ኪሎ ነው የሚለው፣ 4 ኪሎ ነው የምንሄደው" በሉ፣ ከፊት ያላችሁት አራት አምስት ሰዎች ከተስማማችሁ ብዙ ጊዜ ይጭናል። እምቢ ካለ የታርጋውንና የጎን ቁጥሩን ፎቶ አንሱና ቅርብ ላለ ትራፊክ ፖሊስ ወይ ተቆጣጣሪ አሳዩ። ታሪፍ ደግሞ ነዳጅ በጨመረ ቁጥር ስለሚቀያየር አዲሱን ስልካችሁ ላይ ያዙት፣ ሂሳቡን በቁርጥ የሚያውቅ ሰው ላይ ጭማሪ ለመጠየቅ ይፈራሉ። ዝርዝር ብርም ያዙ፣ "መልስ የለኝም" የሚባለው ነገር በወር ሲደመር ቀላል አይደለም።

ጥያቄ፦ ካምፓስ አጠገብ በውድ ልከራይ ወይስ ራቅ ብዬ በርካሽ? የካ አባዶ ላይ ዘመድ ጋር በነፃ መኖር እችላለሁ ግን ሰዓቱ ከበደኝ።

መልስ፦ በዚህ ሁሉ መሃል በጣም መናገር የምፈልገው እዚህ ጋር ነው። ቤት ስትመርጡ ኪሎሜትር አትቁጠሩ፣ ቅያሪ ቁጠሩ። ሁለት ታክሲ ማለት ሁለት ሰልፍ ነው፣ ሶስት ታክሲ ከሆነ ደግሞ ጠዋት መቼ እንደምትደርሱ ማንም ሊነግራችሁ አይችልም። በአንድ መኪና የሚያደርስ ራቅ ያለ ሰፈር ሁለቴ ከሚያስቀይር ቅርብ ሰፈር ይሻላል፣ ይሄን ብዙ ልጆች የሚያውቁት ቅድሚያ ከከፈሉ በኋላ ነው።

ያንቺ መንገድ ካምፓስሽ 6 ኪሎ ከሆነ ከየካ አባዶ መገናኛ፣ ከመገናኛ 4 ኪሎ፣ ከዛ 6 ኪሎ፣ ሶስት ታክሲ ማለት ነው። ነፃ ቤት ትልቅ ነገር ነው፣ ዘመዶችሽንም እግዜር ይስጥልን፣ ግን በወር የታክሲሽን ደምሪውና መንገድ ላይ የሚያልቀውን ሰዓት ጨምረሽ አስቢው። ከዛ ሁለት ሶስት ሆናችሁ ብትከራዩ የሚደርስብሽ ስንት እንደሆነ ጠይቂ። ለ6 ኪሎ ሽሮ ሜዳ፣ ፈረንሳይ፣ ቅድስት ማርያም አካባቢና አፍንጮ በርን እይ። ሽሮ ሜዳ በተለይ ጠዋት ቁልቁለት ስለሆነ በእግርሽ ወርደሽ ትገቢያለሽ፣ ማታ ዳገቱ ቢኖርም ቢያንስ ሰልፍ የለም። ቀበናና ግንፍሌ ለ4 ኪሎ ሳይንስ ካምፓስ አሪፍ ናቸው። ቤቱን ለማየት ግን እሁድ አትሂጂ፣ የስራ ቀን ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ሄደሽ ታክሲ መያዣው ጋር ቁሚና እይው።

ጥያቄ፦ ሳይክልስ?

መልስ፦ ከኮሪደር ልማቱ በኋላ ከመገናኛ 4 ኪሎ የሳይክል መንገድ አለ፣ ስለዚህ በፊት የማይታሰብ የነበረው አሁን ይቻላል። ከ4 ኪሎ ወደ 6 ኪሎ ያለውን ዳገት ግን አትናቀው፣ ከተማው ራሱ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው ያለው፣ መጀመሪያ ሰሞን ትንፋሽ ያሳጥራል። ጠንካራ ቁልፍ ግዛ፣ ግቢ ውስጥ የት እንደምታቆም ጥበቃዎቹን ቀድመህ ጠይቅ።

ጥያቄ፦ ሴት ነኝ፣ 6 ኪሎ ኬኔዲ ላይብረሪ እስከ ማታ ማንበብ እፈልጋለሁ ግን መመለሻው ያስፈራኛል።

መልስ፦ ፍርሃትሽ ትክክል ነው፣ ማንም እንዳያቃልልብሽ። ከተቻለ በናንተ አቅጣጫ የሚሄዱ ሁለት ሶስት ልጆች ፈልጊና አብራችሁ ውጡ፣ ከ1 ሰዓት ተኩል በኋላ ታክሲው እየሳሳ ሂሳቡም እየጨመረ ስለሚሄድ ከዛ በፊት ብትወጡ ጥሩ ነው። ላይብረሪው ሊዘጋ ሲል ከሆነ የምትወጡት ራይድ ወይ ፈረስ (በስልክ የሚጠሩትን ታክሲዎች) ጠርታችሁ ለአራት ተካፈሉ፣ የታርጋውን ቁጥር ለቤተሰብ ላኪ። ባዶ ሚኒባስ ውስጥ ብቻሽን አትግቢ፣ ቢያስቸኩልሽም። ላፕቶፕ የያዘ ቦርሳ ሰልፍ ላይ ደረት ላይ ነው፣ መገናኛና ሜክሲኮ ላይ ስልክ አውጥቶ ማውራትም ይቅር።

ጥያቄ፦ የመንግስት ሰራተኛ ነኝ፣ ሳር ቤት እሰራለሁ፣ በማታው ክፍለ ጊዜ 6 ኪሎ ማስተርስ ጀምሬያለሁ። በዚህ እድሜዬ ግፊያውን አልቻልኩትም።

መልስ፦ በርቱልኝ ጋሼ፣ ትልቅ ነገር ነው የጀመሩት። ጠዋት ወደ ስራ ሲሄዱ ፐብሊክ ሰርቪሱን (የመንግስት ሰራተኞች አውቶቡሱን) ይጠቀሙ፣ በመታወቂያዎት በነፃ ነው፣ የዛን ገንዘብ ለማታው መመለሻ ያቆዩት። ከስራ ወደ 6 ኪሎ ሲመጡ በሜክሲኮ ይምጡ፣ የሚከብደው የመውጫ ሰዓቱ ስለሆነ አለቃዎን አነጋግረው ግማሽ ሰዓት ቀድመው ቢወጡና ጠዋት ቢያካክሱት ብዙ ይቀልልዎታል። ለመመለሻ ደግሞ ማታ ከሚማሩት ውስጥ መኪና ያላቸው አይጠፉም፣ ነዳጅ እየተጋሩ በአንድ አቅጣጫ የሚሄዱ ብዙ አሉ፣ የክፍል ተወካዩን ይጠይቁት።

ጥያቄ፦ እኔ ደግሞ የተገላቢጦሽ ነኝ፣ ፒያሳ ነው ቤቴ፣ አዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ነው የምማረው።

መልስ፦ ርቀቱ ያስደነግጣል ግን ጠዋት ሰው ወደ መሃል ሲገባ አንተ ወደ ውጭ ነው የምትሄደው፣ ተሳፋሪ አራግፈው ወደ ቃሊቲ የሚመለሱት መኪኖች ቦታ አላቸው። ስታዲየም ድረስ በታክሲ፣ ከዛ የቃሊቲውን ባቡር ያዝ፣ ከቃሊቲ ደግሞ በቱሉ ዲምቱ በኩል የሚሄድ አታጣም።

ጥያቄ፦ የፈተና ቀን መንገድ ቢዘጋብኝስ? ባለፈው ጓደኛዬ አርፍዳ አላስገቧትም።

መልስ፦ ታሳዝናለች፣ አይዞሽ በይልኝ። የፈተና ፕሮግራም እንደወጣ ከካላንደር ጋር አስተያዩት። 6 ኪሎ አካባቢ ጥር 10 እና 11 ጥምቀት ጃንሜዳ ስለሆነ መኪና አይታሰብም፣ በነዛ ቀናት ዋዜማ ፈተና ካለ መመለሻችሁንም አስቡበት። የካቲት 12 እዛው 6 ኪሎ የሰማዕታት ሐውልቱ ጋር የአበባ ጉንጉን ይቀመጣል፣ የካቲት 23 የአድዋ በዓል ፒያሳን ይይዛል፣ በዛው ወር የአፍሪካ ህብረት ጉባኤ ሲኖር ደግሞ ከቦሌ እስከ ሜክሲኮ መንገድ እየተዘጋ ይከፈታል። እንደዚህ አይነት ሰሞን ከሆነ ሌሊቱን ዶርም ያለው ጓደኛ ጋር ወይ አቅራቢያው ያለ ዘመድ ጋር እደሩ። ካልሆነ ደግሞ 4 ኪሎ ወይ ፒያሳ ድረስ በማንኛውም ነገር ከደረሳችሁ ታክሲ አትጠብቁ፣ ከ4 ኪሎ 6 ኪሎ ፈጠን ብሎ ለሚራመድ ሰው ሃያ ደቂቃ ገደማ ነው።