«ቮልት በአምፔር» ማባዛት ነው ወይስ ማካፈል?

ጥያቄ፦ በአንድ የቴክኒክና ሙያ ማሠልጠኛ ውስጥ የኤሌክትሪክ ሥራ አስተምራለሁ። ለሠልጣኞቼ ባዘጋጀሁት የአማርኛ ማስታወሻ ላይ «ሬዚስታንስን ለማግኘት፣ ቮልቴጅ በኮረንት» ብዬ ጽፌ ነበር። ከፊሎቹ ሁለቱን ቁጥሮች አካፈሉ፤ ከፊሎቹ ደግሞ አባዙ። አንድ ባልደረባዬ «በ» ለማካፈልም ያገለግላል ሲል፣ ሌላው ለማባዛት ብቻ ነው ብሎ ይከራከራል። ትክክለኛው የትኛው ነው?

መልስ፦ «በ» ለሁለቱም ያገለግላል፤ ችግሩም የመጣው ከዚሁ ነው። «3 ሜትር በ4 ሜትር የሆነ ክፍል» ሲባል ሰሚው ሳያመነታ አባዝቶ 12 ካሬ ሜትር ይላል። «60 ኪሎ ሜትር በሰዓት» ሲባል ግን ርቀቱ ለሰዓቱ መካፈሉን ይረዳል፤ ክፍልፋይን «ሦስት በአራት» ብለን ስናነብም እንዲሁ ነው። ስለዚህ ስሌቱን የሚነግረን «በ» ራሱ ሳይሆን በዙሪያው ያለው ነገር ነው ማለት ነው።

በሌላ ትምህርት ይህ ብዙም አይጎዳም፤ ማካፈል ሲገባው ያባዛ ተማሪ ትርጉም የሌለው ውጤት ስለሚያገኝ ቆም ብሎ ያስባል። በኤሌክትሪክ ግን ቮልቴጅና ኮረንት ሲባዙም ሲካፈሉም የሚገኘው ውጤት ስም ያለው፣ የታወቀ መጠን ነው። ብዜቱ በዋት የሚለካው ኃይል ሲሆን፣ ቮልቴጁ ለኮረንቱ ሲካፈል የሚገኘው ድርሻ ደግሞ በኦም የሚለካው ሬዚስታንስ፣ ማለትም ዕቃው የኮረንትን ማለፍ የሚቃወምበት መጠን ነው። ከ220 ቮልት መስመር 16 አምፔር የሚስብ የእንጀራ ምጣድ እንውሰድ። 220 በ16 ሲባዛ 3,520 ዋት፣ 220 ለ16 ሲካፈል 13.75 ኦም ይገኛል። ማስታወሻዎን አንብቦ «3,520 ኦም» ብሎ የመለሰው ሠልጣኝ በአማርኛው አልተሳሳተም፤ አማርኛው ያንንም ፈቅዶለታል። ይሁን እንጂ 3,520 ኦም ያለው ምጣድ ከዚያው መስመር 0.0625 አምፔር ብቻ ስለሚስብና ኃይሉም 13.75 ዋት ብቻ ስለሚሆን፣ እንጀራ ሊጋገርበት ይቅርና በቅጡ አይሞቅም።

መፍትሔው ግሱን አለመዝለል ነው። «ማባዛት» የሚስማማው ከ«በ» ጋር፣ «ማካፈል» ደግሞ ከ«ለ» ጋር ነው። «ዳቦውን ለልጆቹ አካፈለ» እንደምንለው ሁሉ የሚካፈልለት ወገን «ለ»ን ይወስዳል፤ በትምህርት ቤትም «12 ለ3 ሲካፈል» እየተባለ የሚነገረው ከዚሁ ልማድ ጋር ስለሚገጥም ነው። «12 በ3 ሲካፈል» የሚሉም አሉ፤ ግሱ እስካለ ድረስ መልእክቱ ስለማይጠፋ ስሕተት ነው ብዬ አልከራከርም። የስሌት መመሪያ በሚጻፍበት ጊዜ ግን ሁለቱ መስተዋድዶች እንደ ተለያዩ ቢቆዩ እመርጣለሁ፤ ምክንያቱም አማርኛ ግሱን መጨረሻ ላይ ስለሚያስቀምጥ፣ አንባቢው ግሱ ላይ ሳይደርስ «ለ» ወይም «በ» የትኛው ስሌት እንደሚመጣ አስቀድሞ ይጠቁመዋል። ስለዚህ «ሬዚስታንስን ለማግኘት ቮልቴጁን ለኮረንቱ ያካፍሉ፤ ኃይልን ለማግኘት ቮልቴጁን በኮረንቱ ያባዙ» ብለው ቢጽፉ ጥርጣሬ አይኖርም።

እዚህ ላይ «ን» የምትሠራውንም ሥራ ልብ ይበሉ። «ለኮረንቱ ቮልቴጁን ያካፍሉ» ተብሎ ቅደም ተከተሉ ቢገለበጥ እንኳ፣ የሚካፈለው የትኛው እንደሆነ በ«ን» ይታወቃል። «ቮልቴጅና ኮረንት ሲካፈሉ» የሚለው አጻጻፍ ግን በመመሪያ ውስጥ መግባት የለበትም። «ሲባዙ» ቢባል ቅደም ተከተል ውጤቱን ስለማይለውጥ ይበቃል፤ በማካፈል ግን 220 ለ16 እና 16 ለ220 ፈጽሞ የተለያዩ ስለሆኑ፣ አካፋዩና ተካፋዩ በስም ተለይተው መቀመጥ አለባቸው።

ይኸው የ«በ» ጉዳይ ከክፍልዎ ውጭም ብዙ ያሳስታል። ቆጣሪ የሚመዘግበውን ፍጆታ «ኪሎዋት በሰዓት» የሚሉ ጽሑፎች በዜናም በማስታወቂያም በብዛት ይታያሉ። ፍጆታው የሚገኘው ግን ኃይሉ ምጣዱ በሠራበት ሰዓት ሲባዛ ነው፤ 3.52 ኪሎዋት የሚወስደው ምጣድ ሳያቋርጥ ሁለት ሰዓት ቢሠራ 7.04 ኪሎዋት ሰዓት ይቆጥራል። «ኪሎ ሜትር በሰዓት» ማካፈልን ለሚያውቅ አንባቢ «ኪሎዋት በሰዓት» የሚነግረው ተቃራኒውን ነው። ብዜትን ለማሳየት መለኪያዎቹን ያለ መስተዋድድ አጠገብ ለአጠገብ ማስቀመጥ ይበቃል፤ የትራንስፎርመርን አቅም «ኪሎቮልት አምፔር» እንደምንለው፣ ይህንንም «ኪሎዋት ሰዓት» ማለት ይገባል።

በጥያቄዎ ባያነሡትም፣ ኃይልን ከኮረንትና ከሬዚስታንስ በሚያሰሉበት ጊዜ ሌላ አሻሚ አጻጻፍ ይገጥምዎታል። «የኮረንትና የሬዚስታንስ ብዜት ካሬ» ቢሉ፣ አንባቢው መጀመሪያ 16ን በ13.75 አባዝቶ የተገኘውን 220 በራሱ ያባዛና 48,400 ይደርሳል። ይህም የቮልቴጁ ካሬ እንጂ ኃይሉ አይደለም። በአማርኛ ዘርፍ (በ«የ» የሚጀምረው ገላጭ) ከሚገልጸው ስም ስለሚቀድም፣ «ካሬ» መጨረሻ ላይ ሲመጣ ከፊቱ ያለውን ሁሉ ይጠቀልላል። «የኮረንቱን ካሬ በሬዚስታንሱ ያባዙ» ሲባል ግን ካሬው ኮረንቱን ብቻ ይይዛል፤ 256 በ13.75 ተባዝቶም 3,520 ዋት ይመጣል። ይህ ሁሉ ስሌት እንደ ምጣድ ላሉ፣ ኤሌክትሪክን ወደ ሙቀት ብቻ ለሚለውጡ ዕቃዎች በቀጥታ ይሠራል፤ ሞተር ላላቸው ዕቃዎች የኃይል መጠንን ሲያስተምሩ ግን «በፓወር ፋክተሩም ይባዛል» የሚለውን ሐረግ መጨመር ያስፈልጋል (ፓወር ፋክተር ከቮልቴጁና ከኮረንቱ ብዜት ምን ያህሉ እውነተኛ ኃይል እንደሆነ የሚያሳይ ቁጥር ነው)፤ እዚያም የሚመጣው ማባዛት ስለሆነ «በ» በቦታው ነው።