ድዴ ስለሚደማ መቦረሽ ልተው?

ጥያቄ፦ ጥርሴን ስፍቅ ድዴ መድማት ከጀመረ ስድስት ወር ሆኖኛል። እንዳይብስብኝ ብዬ መፋቂያውንም ብሩሹንም ትቼ በጨው ውኃ ብቻ እጉመጠመጣለሁ። አያመኝም፤ ግን አፌ ይሸታል። ጥርስ ማሳጠብ ደግሞ ጥርስ ያነቃንቃል ሲሉ ሰምቼ ፈራሁ። (አንባቢ ከደሴ)

መልስ፦ እባክዎ ዛሬ ማታውኑ ወደ ብሩሽዎ ይመለሱ። ድድዎ የሚደማው ብሩሽ ስለነካው አይደለም፤ አስቀድሞ ስላበጠ ነው። ያሳበጠው ጥርስና ድድ በሚገናኙበት መስመር ላይ የሚለጠፈው ነጣ ያለ ለስላሳ ቆሻሻ ነው፤ ጀርሞች ተከማችተው የሠሩት ነው። ትኩስ እያለ በጥፍር እንኳ ይነሳል። ከሰነበተ ግን ከምራቅ ማዕድን እየሳበ ይደነድናል፣ የጥርስ ድንጋይ ይሆናል፤ ያኔ ብሩሽም መፋቂያም አይበግረውም። በመስታወት የታችኛውን የፊት ጥርስዎን ጀርባ ይመልከቱ። የምራቅ ቱቦ እዚያ አጠገብ ስለሚከፈት ቢጫ ወይም ቡናማ ቅርፊት ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚይዘው በዚያ በኩል ነው፤ በምላስ ሲዳስሱት ይሻክራል።

ብሩሹ ለስላሳ ይሁን። ጸጉሩ ግማሹ ድድ፣ ግማሹ ጥርስ ላይ እንዲያርፍ አዘንብለው (45 ዲግሪ ያህል) ሳይጫኑ በአጭር በአጭሩ ያንቀሳቅሱ። ጠዋትና ማታ ሁለት ሁለት ደቂቃ፣ የውስጡንም በኩል ሳይረሱ። የጥርስ ሳሙናው ማሸጊያ ላይ ፍሎራይድ (ጥርስን የሚያጠነክር ማዕድን) ከ1,000 እስከ 1,500 ፒፒኤም (ppm) የሚል ይፈልጉ፤ ሲጨርሱ አረፋውን ይትፉት እንጂ በውኃ አይጉመጥመጡት። በጥርስ መሐል ብሩሽ አይገባምና በቀን አንድ ጊዜ የጥርስ ክር ያስፈልጋል።

መፋቂያ ጥሩ ነው፤ ጫፉን አኝከው ካለሰለሱት፣ ከድድ ወደ ጥርስ ጫፍ ከፋቁበትና የተጠቀሙበትን ጫፍ በየቀኑ ከቆረጡት። ወደ ጎን አጥብቆ መፋቅ ግን የጥርሱን አንገት ይበላዋል። ለመንጋጋ ጥርስ የውስጥ ገጽም ስለማይመች ማታ ማታ ብሩሽ ይጨምሩበት። የጨው ውኃ (ግማሽ የሻይ ማንኪያ በአንድ ብርጭቆ ለብ ያለ ውኃ) ቁስሉን ያስታግሳል እንጂ ቆሻሻውን አያነሳም።

በዚህ መንገድ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት መድማቱ እየቀነሰ መሄድ አለበት። ይሁንና ስድስት ወር ስለቆየብዎና አፍዎም ስለሚሸት ሐኪም ዘንድ መሄድዎ አይቀርም። ሐኪሙ በቀጭን መለኪያ በጥርስና በድድ መሐል ያለውን ጥልቀት ያያል፤ እስከ 3 ሚሊሜትር ደህና ነው፣ 4 እና ከዚያ በላይ ሆኖ ከደማ ሕመሙ ጥርሱን ወደያዘው አጥንት እየወረደ ሊሆን ይችላል። የጠፋ አጥንት ደግሞ በራሱ አይመለስም።

ማሳጠብ ጥርስ አያነቃንቅም። የሚያነቃንቀው የአጥንቱ መጎዳት ነው፤ ድንጋዩ ሲነሳ ተሸፍኖ የኖረው ክፍተትና መላላት ይገለጣል፣ ሰውም በእጥበቱ ያመካኛል። ለጥቂት ቀናት ቀዝቃዛ ነገር ቢነዝርዎ አይደንግጡ፣ ያልፋል። ስኳር ካለብዎ ለሐኪሙ ይንገሩ፤ ስኳርና የድድ ሕመም እርስ በርስ ይባባሳሉ። ሲጋራ የሚያጨስ ሰው ድድ ደግሞ ሕመሙ ቢኖርም ብዙ ላይደማ ስለሚችል፣ አለመድማቱን እንደ ጤና አይቁጠሩት።

ጥያቄ፦ የ5 ዓመት ልጄ ጥርስ እንደ ታላቁ እንዳይበልዝ የጉድጓድ ውኃችንን አፍልቼ እሰጠዋለሁ። ይበቃል? (እናት ከባቱ)

መልስ፦ አይበቃም፤ እንዲያውም ይጎዳል። ጥርስ የሚያበልዘው በስምጥ ሸለቆ ብዙ ጉድጓዶች ውስጥ ከመጠን በላይ ያለው ፍሎራይድ ነው፤ እሱ ደግሞ በመፍላት አይጠፋም፤ ውኃው ሲተን ይበልጥ ይጠነክራል። ውኃውን ያስመርምሩ፤ የዓለም ጤና ድርጅት ወሰን በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው። ጥርስ የሚበልዘው ድድ ውስጥ ሳለ እየተሠራ ነውና እስከ 8 ዓመቱ ያለው ጊዜ ወሳኝ ነው። በንጹሕ ዕቃ የተጠራቀመ የዝናብ ውኃ ፍሎራይዱ አነስተኛ ነው፤ ለመጠጥ ሲሆን ጀርሙን ለመግደል ያፍሉት። የአጥንት ከሰል ማጣሪያም ይሠራል፣ ከሰሉ በጊዜው ከተቀየረ። የትልቁን ልጅ ጥርስ በከሰል ወይም በአመድ አይፈትጉት፤ ቀለሙ ከጥርሱ ጋር የተሠራ ስለሆነ የሚነሳው ጤነኛው ሽፋን ነው። ለትንሹ የጥርስ ሳሙናው ከአተር ፍሬ አይብለጥ፤ እንዳይውጠውም አጠገቡ ይቁሙ።